ነጭ ሽንኩርትና ጦስኝ ለሥጋ ዶሮ፦ የሚረዱበትና የማይረዱበት

እንደሚታወቀው በደባርቅ፣ በዳባትና በዙሪያው ባለው ገጠር ዶሮ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። የምናውቃት ያገር ዶሮ ጥሬ ለቅማ፣ ትል ጭራ፣ እበት በትና ራሷን የምታስተዳድር ናት። ስለ መኖዋ ማንም ተጨንቆ አያውቅም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን፣ በተለይም በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው መርሐ ግብር ከተጀመረ በኋላ፣ የአንድ ቀን ጫጩት እየገዙ ማሳደግ በከተሞቻችን ተለምዷል። ከእነዚህም መካከል ለሥጋ ብቻ ተብለው የተዳቀሉት፣ ብሮይለር የሚባሉት ይገኙበታል። እነዚህ እንዳገራችን ዶሮ ጭረው አያድሩም፤ ከሰው እጅ ጠብቀው የሚበሉ ናቸው። የፋብሪካ መኖ ደግሞ ውድ ነው፤ ከጎንደር እዚህ ድረስ ተጭኖ ሲመጣ ይብሱን ይወደዳል። ስለዚህ «ነጭ ሽንኩርት ስጡ፣ ጦስኝ ስጡ፣ ጥቁር አዝሙድ ጨምሩበት» የሚለው ምክር በየሰፈሩ ይሰማል። ይህ ጽሑፍ ከምክሩ የቱ እውነት፣ የቱ ደግሞ ስሕተት እንደሆነ ለመግለጽ ይሞክራል።

ነገሩን እንድከታተል ያደረገኝ በቤተሰባችን የደረሰ ጉዳት ነው። ዳባት የሚኖሩት አክስቴ አምና ለፋሲካ እሸጣለሁ ብለው 30 የሥጋ ጫጩቶች ገዙ። ነጭ ሽንኩርት እየጨፈለቁ በውኃቸው ውስጥ ጨመሩላቸው፣ ጦስኝ አድርቀው ከመኖው ጋር ቀላቀሉላቸው። ጫጩቶቹም እስከ አራተኛው ሳምንት ድረስ ደኅና አደጉ። በአምስተኛው ሳምንት ግን ሆዳቸው እየተነፋ፣ አፋቸውን ከፍተው እያለከለኩ ይወድቁ ጀመር። ጎረቤት ሁሉ «ሽንኩርቱ ነው ሆዳቸውን የነፋው» አለ። አክስቴ ሽንኩርቱን አቆሙ፤ ሞቱ ግን አላቆመም። በጠቅላላው 11 ሞቱ። የተረፉትን ሸጠው የመኖውን ዋጋ እንኳ አልመለሱም። ለዕረፍት ቤት ስሄድ «አንተ ተምረሃል፣ እስቲ ንገረኝ፤ ሽንኩርት ነው የገደላቸው ወይስ ዕድሌ?» አሉኝ። በዚያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ከዕፅዋት የሚገኝ ተጨማሪ መኖ ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው የምንቀላቅለው። አንዱ ምግብ ነው፤ ፋጉሎ፣ ባቄላ፣ አተር፣ አኩሪ አተር፣ ፉርሽካ የመሳሰለው። ሌላው ቅመም ነው፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ጦስኝ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዝንጅብል፣ አብሽ። ሽሮ በሌለበት ቤት በርበሬና ኮረሪማ ብቻ ቢቀቀል ወጥ እንደማይሆን ሁሉ፣ ምግቡ በጎደለበት መኖ ላይ ቅመም ቢነሰነስ ዶሮ አያደልብም። ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። የመኖውን ጥራት ቀንሶ በሽንኩርት ሊያካክሰው ይሞክራል።

ለመሆኑ የሥጋ ዶሮ ምን ያህል ትፈልጋለች? ጫጩቷ ከእንቁላሉ ስትወጣ ክብደቷ 40 ግራም ገደማ ነው። በጥሩ አያያዝ በ42 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ትሆናለች። ይኸውም ከ50 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ያገር ዶሮ ለዚህ ከግማሽ ዓመት በላይ ይፈጅባታል፤ ያውም ከደረሰች ነው። እንዲህ ዓይነቱን ዕድገት የሚሸከም መኖ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ100 እጅ 22 ያህሉ፣ በኋላም 18 ወይም 20 እጅ ያህሉ ፕሮቲን መሆን አለበት።

አሁን በእጃችን ካለው እህል ይህን ማግኘት ይቻል እንደሆነ እናስላ። (ለስድስተኛ ክፍል የመቶኛ ትምህርት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፤ ለማስተማር ልምምድ ስትወጡ ሞክሩት።) 10 ኪሎ መኖ እናዘጋጅ እንበል። በቆሎ 5 ኪሎ፣ የኑግ ፋጉሎ 2 ኪሎ፣ የተቆላና የተከካ ባቄላ 2 ኪሎ ተኩል እናድርግ። የቀረው ግማሽ ኪሎ ለኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ ለአጥንት ዱቄት፣ ለጨውና ለቪታሚን ይሁን። በቆሎው 9 በመቶ ፕሮቲን ስላለው 450 ግራም ይሰጣል። ፋጉሎው 30 በመቶ ያህል ስላለው 600 ግራም፣ ባቄላውም 25 በመቶ ስላለው 625 ግራም ይሰጣል። ድምሩ 1,675 ግራም ነው። ከ10 ኪሎ ሲታሰብ 17 በመቶ እንኳ አይሞላም። በባቄላው ፈንታ 36 በመቶ ያህል ፕሮቲን ያለው የተቆላ አኩሪ አተር ብንጨምር 19 ተኩል በመቶ ይደርሳል። አኩሪ አተር ግን የእኛ አገር ሰብል አይደለም፤ ከፓዌና ከመሳሰሉት ቆላማ ቦታዎች የሚመጣ ነው። እንግዲህ በደጋችን ምርት ብቻ የተሠራ መኖ ለትንሽ ጫጩት ያንሳል፤ ከፍ ላለች ዶሮ ግን ይቀርባል። ይህቺን «ይቀርባል» አስታውሷት፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ፋጉሎና ባቄላ አንድ ላይ መግባታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ፕሮቲን ራሱ ከብዙ ትንንሽ ክፍሎች የተገነባ ነው። ኑግ ላይሲን የተባለው ክፍል ያንሰዋል፤ ባቄላና አተር ደግሞ ይኸው ክፍል አላቸው፣ ሜታዮኒን የተባለው ግን ይጎድላቸዋል። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል። ፋጉሎ ግን አሠሩ ብዙ ስለሆነ ከ10 እጅ 2 እጅ ባይበልጥ ይመረጣል። ባቄላውም ሆነ አኩሪ አተሩ ጥሬውን ከተሰጠ የዶሮዋን የምግብ መፍጨት የሚያውክ ነገር ስላለበት ይቆላ። ቆሎ አድርጎ መከካት ለማንም ቤት አዲስ ሥራ አይደለም።

ባካባቢያችን ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ተልባ ነው። የተልባ ፋጉሎ ለከብት ግሩም መኖ ስለሆነ ሰዎች ለጫጩትም ይሰጡታል። ነገር ግን ተልባ ውስጥ ቪታሚን ቢ6 የተባለውን የሚያጠፋ ነገር አለ። ከብት ብዙም ሳይጎዳው ያልፈዋል፤ ጫጩት ግን ዕድገቷ ይገታል። የግድ ከሆነ አንድ ሌሊት በውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን ደፍቶ፣ አድርቆ፣ በጣም በጥቂቱ ብቻ መስጠት ነው። ሁለተኛው ገብስ ነው። ደባርቅ የገብስ አገር ስለሆነች እጃችን ቶሎ ወደ ገብስ ይሄዳል። ገብስ በጫጩት አንጀት ውስጥ እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ነገር ስለሚያወጣ ኩሷ ይጣበቃል፣ ጉዝጓዙ ይረጥባል። እርጥብ ጉዝጓዝ ደግሞ የደም ተቅማጥ የሚያመጣው የኮክሲዲያ ቤት ነው። ስለዚህ ገብስ ሦስት ሳምንት ላልሞላት ጫጩት አይሰጥ፤ ከዚያም በኋላ በጥቂቱ ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ ከዕፅዋት ጨርሶ አይገኝም፤ እርሱም ቪታሚን ቢ12 ነው። ያገር ዶሮ ከትልና ከእበት ታገኘዋለች። ቤት ተዘግቶባት የእህል መኖ ብቻ የምትበላ ዶሮ ግን ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ናት ማለት ነው። ስለዚህ በመኖ መሸጫ የሚገኘው የቪታሚን ዱቄት፣ ወይም ጥቂት የዓሣ ዱቄት፣ ሊቀር አይገባውም።

ነገሩ የሚገርመው፣ መድኃኒት ከዶሮ መኖ ውስጥ የገባው በዚሁ ቪታሚን ፍለጋ ሳቢያ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ቶማስ ጁክስና ሮበርት ስቶክስታድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ ሌደርሊ በተባለ የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ ይሠሩ ነበር። የእህል መኖ ብቻ ለሚበሉ ጫጩቶች የጎደላቸውን ቪታሚን ሲፈልጉ፣ ኦሪዮማይሲን የተባለው መድኃኒት ከተመረተ በኋላ የሚቀረውን አተላ ቀላቅለው ሰጧቸው። ጫጩቶቹ ቪታሚኑ ብቻ ከሚያሳድጋቸው በላይ አደጉ። በአተላው ውስጥ የቀረው መድኃኒት ነበር ያሳደጋቸው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በብዙ አገሮች ጤነኛ ዶሮ ሳይቀር በየቀኑ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከመኖዋ ጋር ትበላ ጀመር። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ፤ ባክቴሪያዎቹ መድኃኒቱን ለመዱት። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1986 ለማሳደጊያነት መስጠቱን ከለከለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2006 ጀምሮ ጨርሶ አገደው።

ይህ የሩቅ ወሬ እንዳይመስለን። በእኛም ከተሞች ለሰው የታዘዘ የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈልቅቆ በጫጩት ውኃ ውስጥ የሚበጠብጥ ሰው አለ። ከላይ የተጠቀሰው ኦሪዮማይሲን የዚሁ የቴትራሳይክሊን ዘመድ ነው። መድኃኒቱን የለመደው ተሕዋስ ነገ ወደ ሕፃናት ቢሻገር፣ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ኪኒን ይከሽፋል። የታመመች ዶሮ ሐኪም ባዘዘው ልክ ትታከም፤ ጤነኛዋን ግን በእንክብል ማሳደግ አይገባም።

አውሮፓውያን መድኃኒቱን ሲከለክሉ ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ዕፅዋት ነው፤ ከእነዚህም አንዱ የጦስኝ ዘመድ ነው። የእኛው ጦስኝ በስሜን ተራሮች ሜዳ ላይ ተነጥፎ የሚገኝ፣ ሻይ የምናፈላበትና ወጥ የምናጣፍጥበት ነው። የሳይንስ ስሙ ቲመስ ሺምፔሪ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ አገራችን ኖሮ በአድዋና በስሜን ብዙ ዕፅዋት በሰበሰበው በጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር ስም የተሰየመ ነው። (አያቶቻችን ሺምፐር ሳይመጣም ያውቁት ነበር፤ እርሱ ነገሩ ሌላ ነው።) ሽታው የሚመጣው ቲሞልና ካርቫክሮል ከሚባሉ ዘይቶች ነው። እነዚህ ዘይቶች የባክቴሪያን ሽፋን ያፈርሳሉ፤ በአንጀት ውስጥ ያሉትን ጎጂ ተሕዋስያን ያሳንሳሉ። ነጭ ሽንኩርትም ሲጨፈለቅ አሊሲን የተባለ ተመሳሳይ ሥራ ያለው ነገር ይፈጥራል።

ታዲያ በዶሮ ላይ ሲሞከሩ ምን ተገኘ? እውነቱን ለመናገር ውጤቱ የተለያየ ነው። በአብዛኛው የሚሞከረው መጠን ለአንድ ኪሎ መኖ ከ5 እስከ 10 ግራም ደረቅ ዱቄት ነው። በአንዳንድ ሙከራ ክብደት ጨምሯል፣ በሌላው ምንም ለውጥ አልታየም። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። ቤቱ ንጹሕ፣ ዶሮዋም ጤነኛ ከሆነች ቅመሙ የሚሠራው ሥራ አያገኝም። ደግሞም ጦስኝ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ሲያብብ የተለቀመውና በጥላ የደረቀው ጠንካራ ሲሆን፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የከረመው ሽታው በንኖ ገለባ ሆኗል። ለአሥሩ ኪሎ መኖ ከ50 እስከ 100 ግራም ደረቅ ጦስኝ ይበቃል። ነጭ ሽንኩርቱንም በውኃ ከመበጥበጥ ይልቅ አድርቆ ከመኖው ጋር መቀላቀል ይሻላል። በውኃ ውስጥ የዋለ ሽንኩርት ጉልበቱ ይጠፋል፣ ይሸታል፣ የመጠጫውንም ዕቃ ያቆሽሻል። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ጥብቅ ቦታ ነው፤ ጦስኝ ከዚያ እየነቀሉ ለዶሮ ማምጣት ነውር ነው። ከጓሮ መትከል ይቻላል፤ በብርድ አይሞትም።

በቅመም የማይሞከር ነገር ደግሞ አለ፤ ፈንግል ነው። ፈንግል ሲገባ እናቶቻችን ፌጦ፣ ሎሚ፣ በርበሬ፣ አረቄ ሳይቀር ያጠጣሉ። በነገራችን ላይ በርበሬ ዶሮን አያቃጥላትም፤ ወፎች የማቃጠሉ ስሜት የላቸውም። ግን አያድናትምም። የፈንግል መነሻ ቫይረስ ነው። መከላከያው ክትባት ብቻ ነው፤ ክትባቱም ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም በአገር ውስጥ ይመረታል። ጫጩት የገዛ ሰው የክትባቱን ቀን ከወረዳው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ አስቀድሞ ይጠይቅ።

አሁን ወደ አክስቴ ጥያቄ እመለሳለሁ። ከሞቱት አንዷን አንድ የእንስሳት ሐኪም ከፍቷት ነበር። ሆዷ ውስጥ የጠላ ቅራሪ የመሰለ ውኃ ሞልቶ ነበር፤ ልቧም ከልኩ በላይ ተልቋል። ይህ መርዝ አይደለም፤ ተላላፊ በሽታም አይደለም። ምክንያቱ የአገራችን ከፍታ ነው። ዳባት 2,600 ሜትር ገደማ፣ ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በደባርቅ አየር ውስጥ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው 10 እጅ 7 እጅ ያህሉ ብቻ ነው። የሥጋ ዶሮ ሥጋዋ በፍጥነት ይጨምራል፤ ሥጋው ኦክስጅን ይጠይቃል፤ ሳንባዋ ግን ከጎድን አጥንቷ ጋር ተጣብቆ የተፈጠረ ስለሆነ እንደልቡ አይሰፋም። ልቧ ደሙን በኃይል ወደ ሳንባ ሲገፋ ቀኝ ጎኑ ይለጠጣል፣ በመጨረሻም ይደክማል። ያን ጊዜ ደሙ ወደ ጉበት ይመለሳል፤ ከጉበቱም ውኃ እየሾለከ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። ኩክኒዋ ይጠቁራል፣ ታለከልካለች፣ ትሞታለች። በሜክሲኮ፣ በኮሎምቢያና በቦሊቪያ ተራሮች ላይ ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች ይህን በሽታ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያውቁታል። ያገር ዶሮ ግን ዝግ ብላ ስለምታድግ አይነካትም። ሊማሊሞን ወርዶ አዲ አርቃይ ለሚኖር ሰውም ይህ ያን ያህል ሥጋት አይደለም።

ብርድ ነገሩን ያብሰዋል፤ ገላዋን ለማሞቅ ተጨማሪ ኦክስጅን ስለምታቃጥል ነው። እኛ ደግሞ ብርዱን ፈርተን በርና መስኮቱን ደፍነን ከሰል እናነድዳለን። አክስቴም ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ቀድሞም ያነሰውን አየር ከሰሉ በላው። ይልቅስ በጭድ የተሞላ የሳጥን ማሞቂያ ሙቀቱን ይይዛል፤ ከላይ በኩል አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ግን ይተውለት።

ነጭ ሽንኩርት ታዲያ ከወንጀሉ ነፃ ነው። እንዲያውም በብርድ ባደጉ የሥጋ ዶሮዎች ላይ ተሞክሮ ይህንኑ የሆድ ውኃ እንደቀነሰ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ተከሳሹ ሊረዳ የሞከረው ሳይሆን አይቀርም። ብቻውን ግን አልቻለም።

ከሁሉ የሚበልጠው መፍትሔ ዕድገቱን ማዘግየት ነው። ቅድም «ይቀርባል» ያልኩት የደጋችን መኖ ዋጋው እዚህ ላይ ይታያል። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩቶቹ ከመኖ መሸጫ የተገዛ የጫጩት መኖ ይብሉ፤ እዚህ ላይ መቆጠብ ኪሳራ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ያንኑ መኖ እየበሉ ሌሊት ሌሊት መኖውን አንስቶ በጨለማ ማሳረፍ ነው፤ ውኃና ሙቀት ግን አይጉደልባቸው። ከአራተኛው ሳምንት ወዲህ የበቆሎ፣ የፋጉሎና የባቄላው ዱቄት ቀስ በቀስ ይተካ። 17 በመቶ የማይሞላው ፕሮቲን በቢሾፍቱ ሜዳ ላይ ጉድለት ነው። እኛ ዘንድ ግን ዶሮዋ ከልቧ አቅም በላይ እንዳትሮጥ ይይዛታል። በ42 ቀን የሚጠበቀው ክብደት አይገኝም፤ አንድ ሳምንት ይጨምራል።

ይህ አንድ ሳምንት ለገበያ ሲባል አስቀድሞ ይቆጠር። ከፋሲካ 42 ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር ምኩራብ እሑድ ነው፤ አምና አክስቴ ጫጩት የገዙት ያን ሰሞን ነበር። 49 ቀን ሲቆጠር ግን ቅድስት ይሆናል። ጫጩቶቹ ለቅድስት ቤት ከገቡ ለቅዳም ሹር 48 ቀን ይሞላቸዋል። አክስቴ ይህን ከነገርኳቸው በኋላ ለቀጣዩ ፋሲካ ለቅድስት የሚደርሱ 20 ጫጩቶች ብቻ አዝዘዋል፤ ለጭዱ የሚሆን ሳጥንም ከአናጢ ዘንድ አሠርተዋል። የከሰሉን ነገር እሺ ብለውኛል። ነጭ ሽንኩርቱን ግን ካሁን በኋላ ማን ቢናገረኝ አልተውም ብለዋል።